ታንኳ፥ መረብና ሞፈር፤ በጣና ሐይቅ ዳር ስለ ኖረው የጥንት ኑሮ

በሙሴ ሕግ እንደ ተሠራው፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቆጥሮ ሲፈጸም ኀምሳኛው ዓመት ኢዮቤልዩ ይባላል። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ባሪያ አርነት ይወጣል፤ ተቸግሮ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ ይመለሳል፤ ምድሪቱም ሳትታረስ ታርፋለች። ስለዚህ ኢዮቤልዩ የደስታ በዓል ብቻ አይደለም፤ ዕዳ የሚታሰብበት ዓመትም ነው። በሐይቅ ዳር የተተከለች ደብር ኢዮቤልዩዋን ስታከብር አለቆቿንና አሠሪዎቿን ማመስገን ይገባታል። ነገር ግን በውሃው ላይ ያሻገሩትን፥ ዓሣውን ያጠመዱትን፥ በውሃው ዳር ያረሱትን ሰዎች ደግሞ ልታስባቸው ይገባታል፤ እነርሱ ስማቸው በገድልም በመሬት መዝገብም እምብዛም አልተጻፈምና።

ጣና በስፋቱ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ የሚበልጥ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ እንዲህ ሳለ ጥልቀቱ ግን ጥቂት ነው፤ እጅግ የጠለቀው ስፍራ ከ14 ሜትር ብዙ አያልፍም። ከምዕራብ ደቡብ ግልገል ዓባይ፥ ከምሥራቅ ጉማራና ርብ፥ ከሰሜን መገጭ ይገቡበታል፤ ዓባይ ደግሞ በባሕር ዳር በኩል ይወጣል። የዳሩ ሰው ሐይቅ ብሎ አይጠራውም፤ ባሕር ይለዋል እንጂ፤ ከተማዪቱም ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው። ደሴቶቹ 37 ናቸው እየተባለ ይነገራል፤ በብዙዎቹ ላይ ገዳማት ተተክለውባቸዋል። በዚህ ውሃ ዙሪያ ሦስት ዓይነት ኑሮ ጎን ለጎን ኖሯል። አንዱ በታንኳና በመረብ፥ ሁለተኛው በሞፈርና በቀንበር፥ ሦስተኛው በቡና ጫካ የሚተዳደር ነበር። ሦስቱም አንዱ ያለ ሌላው መኖር አይችልም ነበር፤ ነገር ግን እኩል አልተከበሩም።

የሐይቁ መርከብ ታንኳ ናት። የምትሠራውም በሐይቁ ዳር ረግረግ ላይ ከሚበቅለው ደንገል ነው። ባለሙያው ደንገሉን አጭዶ በፀሐይ ያደርቀዋል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ነዶ እያሰረ አንዱን ነዶ ከሌላው ጋራ በልጥ ይጠፍረዋል፤ ጫፉንም ወደ ላይ ቀልብሶ እንደ ቀንድ ያቆመዋል። ምስማር የለባትም፤ ሳንቃም የለባትም። ውሃ የማይገባት ሆና የምትንሳፈፍ አይደለችም፤ ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለ ሆነ ነው የምትንሳፈፈው። ተሳፋሪው በመካከሏ በተነጠፈው ደንገል ላይ ይቀመጣል፤ ቀዛፊው በረጅም ሸንበቆ ግራና ቀኝ እየገፋ ይነዳታል። ከአገልግሎት ስትመለስ እንድትደርቅ ወደ ዳር ያወጧታል። እንዲህም ተደርጎላት ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ቆይታም ትበሰብሳለች። ስለዚህ የሐይቁ ሰው ታንኳን አንድ ጊዜ አሠርቶ ለልጁ ማውረስ አይችልም፤ ዘወትር ወደ ሠሪው መመለስ ግድ ይሆንበታል።

በዚህች ደካማ መርከብ ብዙ ትልቅ ነገር ተሻግሯል። ዓፄ ፋሲል በ1660 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ሥጋቸው በዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት አርፏል፤ እቴጌ ምንትዋብም በ18ኛው መቶ ዓመት በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን አሠርተዋል። ወደ ደሴት የሚሄድ ሁሉ፥ ንጉሥም ቢሆን መነኩሴም ቢሆን፥ እህልም ቢሆን ዕጣንም ቢሆን፥ መንገዱ ውሃ ነው። በ1858 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ በዘጌ ሰፍረው ሳሉ፥ በቆራጣ ተቀምጦ የነበረው የእንግሊዝ መልክተኛ ራሳም ወደ እርሳቸው የተሻገረው በዚሁ ሐይቅ ላይ ነበር። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማንም የሐይቁን ዳርና ደሴቶቹን ዞሮ ካየ በኋላ በ1928 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1936) ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ለዓለም አስታውቋል።

ታንኳን የሚሠሩት በተለይ ነገደ የተባሉት ሕዝብ ናቸው። ሌላው ሰው ወይጦ ይላቸዋል፤ እነርሱ ግን ይህን ስም እንደ ስድብ ስለሚያዩት ነገደ መባልን ይወዳሉ። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1760ዎቹ ዓ.ም. ወደዚህ አገር በመጣ ጊዜ፥ በሐይቁ ዳር የሚኖሩ ጉማሬ አዳኞች እንደ ነበሩ ጽፎላቸዋል። በቀድሞ ዘመን የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው ይባላል፤ ዛሬ ግን የሚናገሩት አማርኛ ነው። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው። ነገር ግን የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ስለ ነበረ እስላሙም ክርስቲያኑም ከእነርሱ ጋራ በአንድ ማዕድ አይቀመጥም ነበር፤ ጋብቻም አልነበረም። ጉማሬ ማደናቸው ከቀረ ብዙ ዘመን ሲሆነው፥ መናቃቸው ግን ከአደኑ ጋራ አብሮ አልቀረም።

እንግዲህ ይህን ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ነገደዎች ከታንኳ ሌላ የእጅ ወፍጮ ድንጋይ ጠርበው ለገበያ ያወጡ ነበር፤ አብሯቸው መብላትን የሚጸየፍ ሰው እንጀራው የሚፈጨው በእነርሱ ወፍጮ ነበር። ከጉማሬው ቆዳ የሚወጣው አለንጋ፥ ስሙ ራሱ ጉማሬ የሚባለው፥ በሹም እጅ የሚታይ ነበር። በደንገል የሠሩት ምንጣፍ በየቤቱ ይነጠፍ ነበር። ወደ ገዳም የሚሻገረው መነኩሴ በታንኳቸው ላይ ተቀምጦ ዳዊቱን ይደግም ነበር። የእጃቸው ሥራ ከቤት ገብቶ እነርሱ ግን ከደጅ ቀሩ። ቅኔ የተማረ ሰው ወርቅ ያለ ሰም እንደማይቀረጽ ያውቃል፤ ሰሙ የወርቁን መልክ ይሰጥና ራሱ ቀልጦ ይፈስሳል። የጣና ገዳማት ክብር ወርቁ ከሆነ፥ ታንኳ ሠሪው ሰሙ ነበር።

ከታንኳው ወደ ሞፈሩ ሲመለሱ፥ በሐይቁ ምሥራቅ የፎገራ ሜዳ፥ በሰሜኑም የደንቢያ ሜዳ ይገኛል። የእነዚህ አገሮች እርሻ በዝናብ ብቻ የሚታረስ አይደለም፤ በውሃው መምጣትና መሄድም የሚታረስ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ከዳራቸው ወጥተው ሜዳውን ይሸፍኑታል፤ ሐይቁም በመስከረምና በጥቅምት እጅግ ይሞላል። ውሃው ደለል ይዞ ይመጣል፤ ያንም በሜዳው ላይ ጥሎ ይመለሳል። ገበሬው ውሃው ሲሸሽ እግር በእግር እየተከተለ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። እርጥበት የሚችለው ኑግም በዚያ መሬት ይስማማዋል። በበጋ ደግሞ ውሃ የለቀቀው ሣር ለከብት ይሆናል፤ የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀችው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ በረከት ግን ያለ ዋጋ አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣ በረግረጉ ላይ ትንኝ ይበዛል፤ ንዳድም ብዙ ሰው ይፈጅ ነበር። ውሃው ከመጠን አልፎ ሲመጣ ቤትና ጎተራ ይወስዳል፤ ሳይመጣ ሲቀርም ሽምብራው የሚበቅልበት እርጥበት ይጠፋል። ስለዚህ የዳሩ ገበሬ ውሃን እንደ ጎረቤት ይቆጥረው ነበር፤ ሊጣላው የማይችለው፥ ሊያምነውም የማይችለው ጎረቤት። እህሉን ለገበያ ሲያወጣ፥ ለደሴቱ ገዳም ሲያደርስ፥ ወይም ከዘጌ ቡና ሲለውጥ ታንኳ ያስፈልገው ነበር። ታንኳ ሠሪውም መሬት ስላልነበረው እህል የሚያገኘው ከዚህ ገበሬ ነበር።

ሦስተኛው ኑሮ የዘጌ ነው። ዘጌ በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ወደ ውሃው የገባ የምድር ጫፍ ነው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፥ አዝዋ ማርያምና ሌሎችም ገዳማት ይገኙበታል። የአገሩ ሰው እንደሚተርከው፥ አቡነ በትረ ማርያም የተባሉት ጻድቅ በዚያ ሲቀመጡ ለሕዝቡ መተዳደሪያ የሚሆኑት ዕፀዋት ቡናና ጌሾ ሎሚም ከበትራቸው ተገኙ፤ ሕዝቡም በዚህ ይኖር ዘንድ እንጂ በሬ ጠምዶ እንዳያርስ፥ ከብትም እንዳያረባ ቃል ኪዳን ገባ። ትረካው ለሰሚው ሃይማኖት ይተውና፥ ሕጉ ግን በግልጥ የሚታይ ነው። በዘጌ ሞፈር አልገባም። ቡናው የሚበቅለው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለ ሆነ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው የራሱን ቡና እንዳጠፋ ይቆጠራል። በዙሪያው ያለው አገር ደኑ ተመንጥሮ ገላጣ ሲሆን፥ የማገዶ ችግር ቢያሳሳውም የዘጌ ደን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ነገር ግን የዘጌን ደን የሚያመሰግን ሰው የዘጌን ዕዳም ሊናገር ይገባዋል። ቡና መልቀም፥ አረም ማረም፥ ሸክም መሸከም ብዙ ጉልበት የሚፈልግ ሥራ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዘጌ ይህን ሥራ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ባሮች ነበሩ፤ ከጌቶቻቸውም መካከል ካህናት ነበሩበት። ለዛፉ ቃል ኪዳን የገባ ሕዝብ ለሰው ሳይገባለት ኖረ። በ1934 ዓ.ም. ባርነትን የሚከለክለው አዋጅ ወጥቶ እነዚህ ሰዎች በሕግ ነጻ ወጡ። ይህን መጻፍ የቤተ ክርስቲያንን ክብር አይቀንስም፤ መሸሸጉ ነው የሚቀንሰው። ንስሐን የምታስተምር ቤት ታሪኳን በንስሐ መንገድ ልትጽፈው ይገባታልና።

አሁን ስለ ዓሣው መናገር ይቀራል። ጌታ ከሐዋርያት መካከል አስቀድሞ የጠራቸው ዓሣ አጥማጆች ሳሉ፥ በጣና ዳር ግን ዓሣ ማጥመድ ለብዙ ዘመን የተናቀ ሥራ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ለነገደዎች የተተወ ነበር። በሐይቁ ውስጥ ቆሮሶ፥ አምባዛና ነጭ ዓሣ የሚባሉት ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ በአንድ ስም ቢጠራም አንድ ዓይነት አይደለም። ሊቃውንት መርምረው 15 ያህል ዓይነት ለይተዋል፤ እነዚህም በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ ናቸው። የሚፈለፈሉትም ብዙዎቹ በሐይቁ ውስጥ አይደለም። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዞቹ ሲሞሉ በጉማራ፥ በርብ፥ በመገጭና በግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ በጠጠራማው ውሃ ውስጥ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ። ገበሬው ጎርፉን በሚጠብቅበት ወራት ዓሣውም ያንኑ ጎርፍ ይጠብቃል።

የቀድሞው ሰው ዓሣን የሚያጠምደው በመንጠቆ፥ በወጥመድ፥ በጦርና በትንሽ መረብ ነበር። በአንዳንድ ወንዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በውሃው ውስጥ በመበተን ዓሣውን የሚያደነዝዙ ነበሩ፤ ይህም ትንሹንም ትልቁንም አንድ አድርጎ የሚፈጅ ክፉ ልማድ ነው። ቢሆንም ሐይቁ አልተጎዳም ነበር። የዚህንም ምክንያት በእውነት መናገር ያስፈልጋል፤ የአባቶች ልከኛነት ከጽድቅ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ከመሣሪያቸው ደካማነትም የመጣ ነው። የደንገል ታንኳ ከዳር ብዙ አትርቅም፤ ነፋስ ሲነሣም አትወጣም። ትንሽ መረብ የሚይዘው ለአንድ ቤት የሚበቃውን ነው። ዓሣው የተረፈው ሰው ስለ ራራለት ሳይሆን ሰው ስላልደረሰበት ነበር።

ይህም በኋላ ዘመን ተገለጠ። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከሆላንድ አገር ክርስቲያኖች ጋራ ተባብራ በሐይቁ ላይ የዓሣ ሥራ እንዲስፋፋ አደረገች። ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና በፋብሪካ የተሠሩ ረጃጅም መረቦች ገቡ። አሳቡ መልካም ነበር፤ የዳሩ ድኻ እንጀራ እንዲያገኝበት፥ ዓሣም እስከ ሩቅ ገበያ እንዲደርስ ነበር። ብዙ ሰውም ተጠቅሞበታል። የተናቀው ሥራም የሚፈለግ ሥራ ሆነ፤ ቀድሞ ዓሣ የማያጠምድ ባላገር ሁሉ መረብ ገዛ። ነገር ግን ዓሣው ለመፈልፈል በሚወጣበት ወራት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ተለመደ። እናቲቱ እንቁላሏን ሳትጥል ትያዝ ጀመር። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ዐሥር ዓመት ውስጥ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የነጭ ዓሣ ብዛት ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል እንደ ቀነሰ በምርመራ ታውቋል። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ፤ ነገር ግን አዋጅ መውጣቱና መጠበቁ ሁለት ነገር ነው።

ውሃውም ራሱ ተለወጠ። በዓባይ መውጫ ላይ በጨራ ጨራ የተሠራው ግድብ በ1988 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሐይቁ ከፍታና ዝቅታ በሰው እጅ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ጎደለና መርከቦች ለወራት መሄድ አቃታቸው፤ ውሃ በለቀቀው ምድር ላይ እርሻ ገባ፤ ደንገሉም እያነሰ ሄደ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ኃይል ሥራ ተመረቀ። በፎገራ ሜዳ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የገባው ሩዝ ጎርፍ የሚተኛበትን መሬት ይዞ ለብዙ ገበሬ ሀብት ሆኗል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳር ታየ፤ ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሊነቅለው ደከመ። በ2007 ዓ.ም. ጣና በዓለም ከሚጠበቁት የተፈጥሮ ስፍራዎች መዝገብ ገባ። ከዚህ ሁሉ መለዋወጥ የተነሣ እጅግ የተጎዱት መሬት የሌላቸው ነገደዎች ናቸው። ባሕር ዳር ከተማ እየሰፋች በሄደች ቍጥር ከሐይቁ ዳር ተነሥተዋል፤ ደንገሉ ሲጠፋም ሙያቸው አብሮ መጥፋት ጀመረ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ይገኛል። ደኑና ዓሣው በአንድ ሐይቅ ዳር ሳሉ ዕድላቸው ስለ ምን ተለያየ? የዘጌ ሰው መጥረቢያ አጥቶ አይደለም ዛፉን ያልቆረጠው፤ ቃል ኪዳን ስላለበት ነው። ስለዚህ መጥረቢያው በየዘመኑ ቢበረታም ደኑ ቆየ። ዓሣው ግን ቃል ኪዳን አልነበረውም፤ የጠበቀው የመረቡ ማነስ ብቻ ነበር፤ መረቡ በተለወጠ ጊዜ ጠባቂ አጣ። ደካማነት የሚጠብቀው ነገር ኃይል ሲመጣ ይጠፋል፤ ሕግ የሚጠብቀው ግን ኃይል ቢመጣም ይኖራል።

የኢዮቤልዩ ሕግም ያዘዘው ይህንኑ ነው። ምድሪቱ የምታርፈው ገበሬው በሬ ስላጣ አይደለም፤ በሬው በደጁ ታስሮ፥ ዘሩ በጎተራው ተቀምጦ ሳለ እጁን እንዲሰበስብ ስለ ታዘዘ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት በወንዝ አፍ መረብ እንዳይጣል ካህናት በዓውደ ምሕረት ቢያስተምሩ፥ የዳሩም ሽማግሌዎች በዚህ ቃል ቢተሳሰሩ፥ ውሃው ዕረፍቱን ያገኛል። ጾም የሚያውቅ ሕዝብ ጊዜ ጠብቆ መተውን ሌላ ሰው ሊያስተምረው አያስፈልግም፤ ዘጌም የዚህ ምስክር ነው።

ሁለተኛውም ትእዛዝ፥ የተገፋውን ወደ ስፍራው መመለስ ነው። የነገደ ሽማግሌዎች ደንገል እንዴት እንደሚታጨድ፥ ታንኳ እንዴት እንደምትታሰር፥ ነፋሱ በየወሩ ከየት እንደሚነሣ ያውቃሉ፤ ይህ ዕውቀት በብራና ላይ ስላልተጻፈ እነርሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ሳያልፉ መጠየቅ፥ የነገሩትንም በደብሩ መዝገብ ማስፈር ለጸሐፊ የሚከብድ ሥራ አይደለም። ከዚያም በላይ ደንገል የሚበቅልበት ዳር እንዲተውላቸው መናገር፥ በስማቸውም ሳይሰድቡ መጥራት የክርስቲያን ግብር ነው። ሦስተኛውም፥ በዘጌ ቡና ሥር በባርነት የደከሙትን፥ ስማቸው የማይታወቀውን፥ ሙታን በሚታሰቡበት ጸሎት ማሰብ ነው፤ በሰው ዘንድ ስማቸው ቢጠፋ በእግዚአብሔር ዘንድ አልጠፋምና።

ደብር በድንጋይና በዕንጨት ትሠራለች፤ ድንጋዩንና ዕንጨቱን የተሸከመው ግን ሰው ነው። በሐይቅ ዳር ያለች ደብር ደግሞ ተሸካሚዋን ሁልጊዜ በዓይኗ ታየዋለች፤ ታንኳውን ከውሃ አውጥቶ ለፀሐይ እያሰጣ ነው። በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት ቀንደ መለከቱ ሲነፋ፥ ድምፁ ከቅጥር ውስጥ ብቻ ሳይቀር እስከ ውሃው ዳር ቢሰማ በዓሉ በእውነት በዓል ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።